የድመት ጉንፋን፦ ከዓይናር እስከ ፒሲአር

ሐምሌ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ ድመት ሁሉ ምድጃ ሥር ይገባል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ጥግ ላይ ተጠቅልለው ይተኛሉ። አንዷ ታስነጥሳለች፤ በሳምንቱ ቤቱ ሙሉ ዓይናር ይሆናል። ሰውም «ብርድ መቷት ነው» ይላል። ብርድ ብቻውን ግን ጉንፋን አይፈጥርም። ብርዱ ድመቶቹን አንድ ጥግ ያጭቃቸዋል፣ አንዷ ውስጥ ተኝቶ የነበረውንም ቫይረስ ይቀሰቅሳል። በሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከድመት ጉንፋን ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ሁለት ቫይረሶች ናቸው፦ የድመት ሄርፒስ ቫይረስ እና የድመት ካሊሲቫይረስ። ካሊሲን እ.ኤ.አ. በ1957 ፋስቲየር ኒውዚላንድ ውስጥ አገኘው። ሄርፒሱን ደግሞ ክራንዴልና ማውረር በአሜሪካ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1958 አሳወቁ። ክላሚዲያ፣ ቦርዴቴላና ማይኮፕላዝማ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዴ ብቻቸውን፣ ብዙ ጊዜ ግን ቫይረሱ በከፈተው በር ተከትለው ይገባሉ። ንፍጡ ከውኃማነት ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚለወጠውም በእነሱ ምክንያት ነው።

የሁለቱ ቫይረሶች ጠባይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሄርፒስ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ የዲኤንኤ ቫይረስ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ይሞታል፤ እርጥበት ባለበት ቢበዛ 18 ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ሳሙናም ይበቃዋል። ካሊሲ ሽፋን የለውም፣ ዘረ መሉ አርኤንኤ ነው፤ ደረቅ ወለል ላይ እስከ አንድ ወር ይቆያል፣ ቦታው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ሄርፒስ በዋናነት ከድመት ወደ ድመት በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ካሊሲ በሳህን፣ በጨርቅና በእጅም ይጓዛል። የማስነጠስ ጠብታ ራሱ ብዙ አይርቅም፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

በዓይን ለመለየት ፊቷንና አፏን መመልከት ነው። ሄርፒስ ዓይንና አፍንጫን ይይዛል፦ ተከታታይ ማስነጠስ፣ የቀላ ዓይን፣ የተጣበቀ ቆብ። የዓይኑ መስተዋት ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል ከታየ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ሄርፒስ ነው ማለት ይቻላል። ያ ቁስል የሚታየው ፍሎረሰሲን የሚባለው ቀለም ጠብ ተደርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ነው፤ የቆሰለው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ካሊሲ አፍን ይወዳል። ምላስ ጫፍና ጠርዝ ላይ ክብ ቁስል፣ ለሃጭ፣ ምግብ ቀርባ አሽትታ መመለስ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚዞር ማነከስ ይኖራል። ማነከሱ ብዙዎችን ያሳስታል፣ «ሰው መቷት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ሄርፒስ ከተጋለጠች ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፣ ካሊሲ እስከ 10 ቀን ሊዘገይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረገጥ አድርጎ መናገር ያሻል። ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ ድምፅዋ የተለወጠ፣ ጠባይዋ ድንገት የተገለበጠ ድመት አፏ አይከፈትም። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ድመትም ይይዛታል። የካሊሲ ቁስል እናያለን ብሎ ባዶ እጅን አፏ ውስጥ መክተት ነፍስን ማስያዝ ነው። የነከሰች ወይም የቧጠጠች እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከያዛት በኋላ ሄርፒስ አይለቃትም። የፊትን ስሜት በሚያደርሰው ነርቭ ሥር ባለው ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜዋን ሙሉ ይቀመጣል። ቤት ስትለውጥ፣ ስትወልድና ስታጠባ፣ ወይም ኮርቲዞን ስትወጋ ይነሣል። ከጭንቀቱ በኋላ ሳምንት ገደማ ቆይቶ መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወጣ ይችላል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ድመቷ ምንም ሳታሳይ። ግልገሎቹም ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ በሚመናመንበት ሰሞን ከዚያችው ከእናታቸው ይይዛቸዋል። ካሊሲ አይደበቅም፣ ያለማቋረጥ ይወጣል። ካገገሙ ድመቶች ግማሽ ያህሉ ከ75 ቀን በኋላም ያወጡታል፣ ጥቂቶች ዕድሜ ልካቸውን። በመልክ ጤነኛ የሆነች ድመት ቫይረስ አላት የሚለው ውጤት እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም፣ የሚጠበቅ ነው።

የድመት ጉንፋንን ማጥናት የሚያከብደውም ይኸው ነው። አንድ ሰው በደሴና በኮምቦልቻ የሚያስነጥሱ ድመቶችን ሰብስቦ፣ መርምሮ፣ «ይህን ያህሉ ሄርፒስ አለባቸው» ቢል ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ጤነኞቹስ? በዕድሜ፣ በሰፈርና በአንድ ቤት በሚኖሩ ድመቶች ብዛት የሚመሳሰሉ የማያስነጥሱ ድመቶች አብረው ካልተመረመሩ ቫይረሱ ሕመሙን ማምጣቱ ወይም እንዲሁ አብሮ መገኘቱ አይለይም።

ሌላው ደግሞ 384 የሚለው ቁጥር ነው። የእንስሳት ሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል። ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲገመት፣ በ5 በመቶ ስሕተትና በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከቀመሩ የሚወጣው የናሙና ብዛት ነው። ቀመሩ ልክ ነው፤ ግን እያንዳንዷ ድመት ከሌላዋ ነጻ ናት ብሎ ይነሣል። አንድ ምድጃ ሥር የሚተኙ ሦስት ድመቶች ነጻ አይደሉም፣ አንዷ ከያዛት ሌሎቹም ይይዛቸዋል። በየቤቱ በአማካይ 3 ድመት ቢኖርና በአንድ ቤት ድመቶች መካከል ያለው የመመሳሰል መጠን 0.3 ቢሆን፣ 1 ሲደመር 2 (ከ3 አንድ ሲቀነስ) ጊዜ 0.3 እኩል ይሆናል 1.6። 384ን በ1.6 ማባዛት ነው፤ 615 ድመት ያስፈልጋል። ያ ካልተቻለ ከየቤቱ አንዲት ድመት ብቻ በዕጣ መውሰድ ይሻላል።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ እንቆይ፣ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚያ ነው። ውድ ማሽን ያለው ላቦራቶሪ መጥፎ ናሙና ቢደርሰው መጥፎ ውጤት በፍጥነት ያወጣል እንጂ አያድነውም።

መጀመሪያ ዱላው፣ ማለት ናሙና የሚወሰድበት ስዋብ። የእንጨት እጀታና የጥጥ ራስ ያለው ተራ የቁስል መጥረጊያ አይሆንም፤ ከእንጨቱና ከጥጡ የሚወጡ ነገሮች ፒሲአሩን፣ ማለት የቫይረሱን ዘረ መል አባዝቶ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ያፍናሉ፣ ያለው ቫይረስ የሌለ ይመስላል። የፕላስቲክ እጀታና የፖሊስተር ራስ ያለው ነው የሚፈለገው። ድመቷ በጋቢ ጭንቅላቷ ብቻ እስኪቀር ጥቅልል ትደረጋለች፤ አንድ ሰው ይዟት ሌላው ይሠራል። የዓይኑን መግል በፊዚዮሎጂካል ጨው ውኃ በረጠበ ጎዝ ጠርጎ መጣል ያስፈልጋል። መግል የሞተ ሴል ነው፣ ቫይረሱ ያለው ሕያው ሴል ውስጥ ነው። ከዚያ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ ስዋቡን በቆቡ ኪስ ውስጥ ጫን እያሉ አምስት ስድስት ጊዜ ማንከባለል። ድመቷ ካልተከፋች በቂ ሴል አልተወሰደም ማለት ነው። ሁለተኛው ስዋብ ለጉሮሮ ነው፤ ከምላስ ሥር ግራና ቀኝ፣ ቁስል ካለም ጠርዙን። ካሊሲ ከዓይን ይልቅ ከአፍ ስለሚገኝ የዓይን ናሙና ብቻ ወስዶ «ካሊሲ የለም» ማለት አያስኬድም። የፍሎረሰሲን ቀለሙ ከናሙናው በኋላ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ራሱ ስለሚያበራ ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም የሚፈልገውን ምርመራ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የሁለቱ ስዋቦች እጀታ ተሰብሮ 2 ሚሊ ሊትር ማጓጓዣ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ ሚዛናዊ የጨው ውሑድ፣ ትንሽ የጥጃ ሴረምና ባክቴሪያ የሚገታ አንቲባዮቲክ ነው። ቱቦው ላይ በማርከር መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ወይም በአልኮል ሲጠረግ ቁጥሩ ታጥቦ ይሄዳል። ነጭ የጨርቅ ፕላስተር ለጥፎ በእርሳስ መጻፍ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ከቁጥሩ ጋር ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የመጨረሻው ክትባት ቀን፣ የወሰደችው መድኃኒት ይመዝገብ። ክትባቱ ሕያው የተዳከመ ቫይረስ ከሆነ ሰሞኑን የተከተበች ድመት በክትባቱ ብቻ ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። ከታመሙት ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያሉት ይመረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ እየሳሳ ባክቴሪያው ይገናል።

ቱቦው በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 48 ሰዓት ይቆያል። ደሴ ላይ ቅዝቃዜው ያግዛል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ሌላ አየር ነው። የሕፃናት ክትባት የሚጓጓዝበት ዓይነት ሳጥን ከበረዶ ጥቅሎቹ ጋር ይበቃል። በረዶው ቱቦውን በቀጥታ እንዳይነካ ጨርቅ ይግባበት። ናሙናው ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከመላኩ በፊት ለሁለቱ የድመት ቫይረሶች ፕራይመር (የሚፈለገውን ጂን ለይቶ የሚይዝ አጭር ዲኤንኤ) መኖሩን ደውሎ መጠየቅ ነው። የከብትና የዶሮ በሽታ የሚመረምር ቤት የድመቱን አከማችቶ ይጠብቃል ተብሎ አይታሰብም። ቤቱ ባለው ማቀዝቀዣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ማቆየት ለፒሲአር ቢያገለግልም ቫይረሱን በሕይወት ለማሳደግ ለሚፈልግ ይጎዳል። ለዚያ ከዜሮ በታች 80 ነው።

ፒሲአሩ ራሱ ረጅም ወሬ አይፈልግም። ለሄርፒስ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ታይሚዲን ካይኔዝ የሚባለው ጂን ነው። ካሊሲ አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ከዚያ 95 ዲግሪና 60 ዲግሪ ላይ እየተመላለሰ 40 ዙር ይሄዳል። ሦስት ነገር ሳይኖር ውጤቱን ማመን አይገባም፦ ያለበት የታወቀ ናሙና፣ ባዶ ውኃ፣ እና የድመቷን የራሷን ጂን የሚፈልግ መቆጣጠሪያ። ብዙዎች የሚዘሉት ሦስተኛውን ነው። የድመቷ ጂን ካልተገኘ ስዋቡ ሴል አልያዘም፤ «ኔጋቲቭ» የተባለው ባዶ ዱላ ነው። ካሊሲ ደግሞ ዘረ መሉ ከዝርያ ዝርያ በጣም ስለሚለያይ አንድ ፕራይመር ሁሉንም አይይዝም፤ በሌላ አገር ዝርያ ላይ የተሠራ ፕራይመር የእኛን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ፖዘቲቭ ሲወጣስ? «አለ/የለም» ብቻ አይጻፍ፣ በስንተኛው ዙር እንደታየ ይጻፍ። በየ3.3 ዙሩ የቫይረሱ መጠን በ10 እጥፍ ይለያያል። አንዷ በ21ኛው ዙር፣ ሌላዋ በ36ኛው ከታዩ በመካከላቸው ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። የመጀመሪያዋ ታማ ይሆናል፤ ሁለተኛዋ ድሮ ያገኛትን ይዛ የምትዞር ናት። ሁለቱን በአንድ ዓምድ «ፖዘቲቭ» ብሎ መደመር ያለውን መረጃ መጣል ነው።

ቫይረሱን ማሳደግ የድሮ ዘዴ ቢሆንም የሚራባ ቫይረስ መኖሩን የሚያሳየው እሱ ነው። ሲአርኤፍኬ የሚባሉት ሴሎች ከድመት ግልገል ኩላሊት የተገኙ ናቸው፤ ስማቸው ውስጥ ያለው «ሲ» ያው ሄርፒሱን የለየው ክራንዴል ነው። ናሙናው ሴሎቹ ላይ ፈስሶ በ37 ዲግሪ ይቀመጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ጠፍጣፋ የነበሩት ሴሎች ይኮማተራሉ፣ ይድቦለቦላሉ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው ከሥር ይነቀላሉ። መጠኑን ለማወቅ ናሙናው በየደረጃው 10 እጥፍ እየቀጠነ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ ግማሹን ጉድጓድ የሚያበላሸው ቅጥነት በሪድና ሙንች የ1938 ቀመር ይሰላል። የድመቷ ደም ውስጥ ያለ መከላከያም እዚሁ ይለካል፦ ሴረሙ በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይሞቃል፣ በ2 እጥፍ እየቀጠነ ግማሹን ጉድጓድ ከሚያበላሸው መጠን 100 እጥፍ ከሆነ ቫይረስ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ክትባት መሥራቱን ለማየት ይጠቅማል። የታመመችበትን ምክንያት ለማወቅ ግን አይረዳም፣ የተከተበችውም የታመመችውም መከላከያ አላትና።

ከፍታ ሌላ ችግር ያመጣል። ዕቃ በእንፋሎት ሲጸዳ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ መመሪያው «15 ፒኤስአይ» (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የግፊት ሰዓቱ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ 121 አልደረሰም። 19 አካባቢ መድረስ አለበት፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 18 ገደማ። ሙቀት ሳይለካ በግፊት ሰዓት ብቻ የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ ያለው ቤት የሴል ካልቸሩ በየሳምንቱ ቢበሰብስ ምክንያቱን እዚህ ይፈልግ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማቆያውም እንዲሁ ነው፤ ደሴ ላይ «5 በመቶ» ሲባል ጋዙ በባሕር ጠለል «5 በመቶ» ከሚባለው ያነሰ ነው፣ የሴሎቹ ምግብ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ወደ 6.7 ከፍ ማድረግ ያስተካክለዋል።

ወደ ቤት እንመለስ። ጉንፋን የያዛትን ድመት ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን አለመብላትም ይገድላታል። አፍንጫዋ ሲዘጋ ሽታ የለም፤ ድመት ያላሸተተችውን አትበላም። ትልቅ ድመት ሁለት ቀን፣ ግልገል ግማሽ ቀን ካልበላች ሐኪም ይያት። ምግቡ ለብ ይበል፣ የሰውነት ሙቀት ያህል፤ የሐይቅ ዓሣ ወይም ጉበት ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ሽታው ይጠራታል። አፍንጫዋንና ዓይኗን ለመጥረግ ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ 4.5 ግራም፣ ማለት አፉ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለዓይኗ የቴትራሳይክሊን ቅባት ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማን ይረዳል፣ ሄርፒሱን አይነካም። የኮርቲዞን ወገን የሆነው ዴክሳሜታዞን ያለበት የዓይን ጠብታ ግን ቁስሉን ያሰፋል፣ ዓይኗን ሊያፈርጠው ይችላል። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣንና የከሰሉ ጭስም የቆሰለ አፍንጫን ያቃጥላል፤ ወሎ ቤት ቡናው አይቀርምና ድመቷ ወደ ሌላ ክፍል ትሂድ።

ለሰው ጉንፋን የምናደርገው ብዙው ለእሷ መርዝ ነው። ፓራሲታሞል አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመትን ይገድላል። ጉበቷ የሚያስወግድበት መንገድ ደካማ ነው፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል። ተሰጥቷት ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፣ ማርከሻው ኤን-አሴቲልሲስቴይን ነው። ነጭ ሽንኩርት እንደዚሁ ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳል። የባሕር ዛፍ እንፋሎትና ቪክስም አይሆኑም። ለሰው ሄርፒስ የሚሸጠው የአሲክሎቪር ክኒን የድመትን መቅኔ ይመታል። ለድመት የሚሰጠው ፋምሲክሎቪር ነው፣ እሱም በሐኪም ልክ። ለባክቴሪያው ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ ክኒኑ ደርቆ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቀርና እንዳያጠብበው ወዲያው 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውኃ በሲሪንጅ ይከተለው። ላይሲን የሚባለውን ዱቄት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንደማይረዳ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ካሊሲን ከቤት የሚያወጣው በረኪና ነው። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ቆሻሻ ካለ በረኪናው በቆሻሻው ያልቃል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 30 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ የቡና ስኒ ያህል፣ ለአንድ ሊትር ውኃ፤ 10 ደቂቃ አቆይቶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። በየዕለቱ አዲስ ይበጥበጥ፣ ፀሐይ ያየ በረኪና ውኃ ነው። የድመት ሽንት ያለበት ቦታ ላይ ሳይታጠብ አይፈስስ፣ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። ደቶል ለድመት መርዝ ነው፣ መዳፏ ላይ የነካውን ትልሰዋለችና። የታመመችውን መመገብ ከጤነኞቹ በኋላ ይሁን፣ ከእሷ ወደ ጤነኛዋ ስትሄዱ እጅ ታጠቡ፣ የተቀመጠችበትንም ጋቢ ለውጡ።

ክትባት ከተገኘ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። ቀድሞ መቆም የለበትም፤ ከእናት የመጣው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ሕመሙን ያቀልላል፣ መያዝን ግን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ የታየው አደገኛ የካሊሲ ዝርያ ፊትና እግር የሚያሳብጥ፣ የተከተቡ ትልልቅ ድመቶችንም የገደለ ነበር።

እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «የልጆቼን ጉንፋን ያመጣችው እሷ ናት?» አይደለችም። ሁለቱም ቫይረሶች ሰው አይዙም፤ የልጆቹ ጉንፋን ከትምህርት ቤት ነው የመጣው።